አባ ጠርጥር ያስጻፉን ወረቀት

አባ ጠርጥር እያልን የምንጠራቸው አጎታችን ከሬዲዮ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ወፍጮ ቤት አጠገብ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ የዛሬ ስድሳ ሦስት ዓመት ተወለዱ። በአምስት ዓመታቸው ኩፍኝ ዓይናቸውን ወሰደባቸው። አባታቸው ግን ጥግ ላይ አላስቀመጧቸውም፤ ከሥራ ጠረጴዛቸው ሥር ብሎን እያስለቀሙ አሳደጓቸው። በስምንት ዓመታቸው የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው ብሬል ተማሩ፤ በኋላም በኤሌክትሮኒክስ ሙያ ሠለጠኑ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በር ከቆለፉ በኋላ ሦስት ጊዜ ተመልሰው መያዣውን ካልጎተቱ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር። ቅጽል ስማቸውም የወጣው ያኔ ነው።

በሠላሳ አንድ ዓመታቸው ለዓይነ ስውራን መሣሪያ በሚያድል ድርጅት ተቀጥረው፣ መሣሪያው ያስቸገረውን ሰው በስልክ መርዳት ጀመሩ። መሣሪያው ጉልበት ላይ የሚቀመጥ የብሬል ማስታወሻ መያዣ ነው፤ በስድስት ቁልፍ ይጻፍበታል፣ የተጻፈውም ነጥብ ነጥብ ሆኖ ብቅ እያለ በጣት ይነበባል። ድንቅ ነገር ነው፤ ጣጣውም ብዙ ነው። በአንድ ጊዜ ከአንድ መስመር በላይ አያሳይም። የእጅ ወዝ ከገባበት ነጥቡ ሰምጦ ይቀራል። የያኔዎቹ ደግሞ ባትሪያቸው ጨርሶ ካለቀ የያዙት ጽሑፍ ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

ሥራ በጀመሩ በሁለተኛው ወር፣ የመመረቂያ ጽሑፏን ለማስረከብ አራት ቀን የቀራት ተማሪ እያለቀሰች ደወለች። መሣሪያዋ አልንቀሳቀስ ብሏል። አጎታችን ቸኮሉና ከጀርባው ያለውን ቁልፍ ተጭና እንድትቆይ ነገሯት። መሣሪያው ተነሣ፤ ቁልፉ ግን የያዘውን ሁሉ የሚደመስስ ነበርና የዓመት ልፋቷ ድራሹ ጠፋ። በማግስቱ ቢሮ ድረስ መጥታ በሰው ፊት ልክ ልካቸውን ነገረቻቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ፤ ከዚያም ወንበር ሳቡላት። እሷ እያስታወሰች ስትናገር እሳቸው በወፍራም የብሬል ወረቀት ሲጽፉ አራት ወር ፈጀ። ዘግይታም ቢሆን ተመረቀች፤ በዓመቱም ተጋቡ። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ “ጽሑፌን አጥፍቶ አገባኝ” ይላሉ። ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል።

ፍርሃቱ ግን ከአጎታችን ልብ አልወጣም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ደዋዩን “አይዞህ” ይሉታል። መጀመሪያ “እጅህን ታጠብ” ይላሉ፤ ከዚያ “ቻርጀሩን ነቅለህ መልሰህ ስካ”። መፍትሔው ከተገኘ ደግሞ በወረቀት ያስጽፋሉ። “ጻፍከው? በል አንብብልኝ።” ደዋዩ “ኧረ ገባኝ ጋሼ!” ቢላቸው ወይ ፍንክች! ሳይነበብላቸው ስልኩን አይዘጉም።

እሳቸው ራሳቸው የሠላሳ ዓመቱን ብልሽትና መፍትሔ በአሮጌ መሣሪያቸው መዝግበው ይዘው ነበር። አዲስ ቢሰጣቸው አላመኑትም። ሰውን ሁሉ ወረቀት ላይ ሲያስገለብጡ የኖሩት ሰው የራሳቸውን ዛሬ ነገ ሲሉ ሳይገለብጡ ቀሩ። ጉድ እኮ ነው!

ልባቸው ታምሞ ሆስፒታል ሲተኙ ያስጨነቃቸው ይኸው ነው። በየቀኑ “መሣሪያዬን ሰካሽልኝ?” ይላሉ። የሚጠይቁት የቢሮ ባልደረባቸው የሆነችውን የእህታቸውን ልጅ፣ ይህን ታሪክ የጻፈችውን ነው። እሷም ከአልጋቸው አጠገብ ላለመለየት ቢሮ ሳትሄድ፣ ልባቸው እንዲያርፍ ብላ “አዎ ጋሼ” ትላቸው ነበር። አልሰካችውም። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ አጎታችን አረፉ።

በማግስቱ የእህታቸው ልጅ ቢሮ ሮጣ መሳቢያቸውን ከፍታ መሣሪያውን ሰካችው። ተነሣና ቀንና ሰዓት እንድትሞላለት ጠየቃት። ጣቷን ደጋግማ አስኬደችበት፤ ሌላ አንድም ጽሑፍ የለበትም። ዋሽታቸዋለች። ይህን በእናንተ በቀባሪዎች ፊት ሳትናገር ልትቀብራቸው አልቻለችም።

ትናንት ግን ለቅሶ ቤት አንድ የሙዚቃ መምህር ሦስት ወፍራም ወረቀት በብብታቸው ይዘው መጡ። የሰመጠ ነጥብ እንዴት እንደሚነሣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት በስልክ ያስጻፏቸው ነው። “እስካነብላቸው ድረስ አለቀቁኝም” አሉና እንባቸው መጣ። ከእሳቸው በኋላ አራት ሰዎች የየራሳቸውን ይዘው መጡ።

እንግዲህ መዝገቡ ያለው እናንተ ጋር ነው። በስልክ ያማረሯችሁ፣ ያስጻፏችሁ ሁሉ ወረቀታችሁን ከየመደርደሪያው ፈልጋችሁ አምጡልን። የቢሮው ስልክ ዛሬም እየጮኸ ነው፤ የምታነሣው የእህታቸው ልጅ ናት፤ የምትመልሰው ግን የላትም።

አጎታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና እህታቸውን ትተው ተለይተውናል። በሕመማቸው ላስታመማችሁ፣ በሐዘናችን ለደረሳችሁልን ሁሉ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈልልን። ነፍሳቸውንም ተመልሰው የበሩን መያዣ መጎተት በማያስፈልጋቸው ቤት ያሳርፍልን።