መፈለጊያውን ሰላም የምትለው ሴት

ለእትዬ፣

እንደምን ከረማችሁ? ትንሹስ እንዴት ነው? እግሩ ላይ የሚታሰረው ብረት ለመደው ወይስ አሁንም ያለቅሳል? እኔና እማዬ ጤና ካልሽው ደህና ነን። ብዙ ልጠይቅሽ አስቤ ነበር፣ ግን ጊዜ ስለሌለ ዋናውን ላስቀድም። በእናቶች ድረ ገጽ ላይ ስለ ልጁ እግር የጠየቅሽውን ጥያቄ አጥፊው። ከሰኞ በፊት። ይህን ወረቀት እዚህ ላይ አስቀምጪውና መጀመሪያ እሱን አድርጊ።

አጠፋሽው? እንግዲህ ልንገርሽ።

ሥራ እንደያዝኩ ታውቂያለሽ፣ ምን እንደምሠራ ግን አልነገርኩሽም። ለእማዬም ቢሆን «እናቶች በስልክ የሚጠይቁትን አነባለሁ» ብቻ ነው ያልኳት። የምሠራው እዚያው ድረ ገጽ ላይ ነው። እናቶች ስማቸውን ሳይጽፉ ሲጠያየቁ የኖሩት የዓመታት ጥያቄ ተከምሮበታል። እስካሁን መፈለጊያው ግትር ነበር፤ የጻፍሽለትን ቃል እንዳለ ካላገኘው የለም ይልሻል። አንዷ «ሕፃኑ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብላ ብትፈልግ፣ ሌላዋ «ልጄ ሲያለቅስ ያድራል» ብላ የጻፈችውን አያመጣላትም። አሁን ኢንጂነሩ የሰው አነጋገር የሚገባው አዲስ መፈለጊያ እየሠሩ ነው። ሐሳቡን ነው የሚይዘው። የእኛ ሥራ እሱን ማስተማር ነው። ሰው የፈለገውንና ማሽኑ ያመጣውን አንድ ላይ ያሳየናል፣ እኛ «ይገናኛል» ወይም «አይገናኝም» የሚለውን እንጫናለን። ለእያንዳንዱ ሦስታችን እንፈርዳለን፣ ሁለት ያለበት ያሸንፋል። ቀኑን ሙሉ ማንም ስለማያናግረኝ ሥራውን ወድጄው ነበር፤ ምሳዬን ብቻ እንደ ልማዴ ሰው እንዳያየኝ እያልኩ ሳልበላው ወደ ቤት እመልሰዋለሁ።

አጠገቤ የምትቀመጠውን ልጅ ሳቂታዋ እንላታለን። ባለፈው ሳምንት «ኑ ኑ፣ መፈለጊያውን ሰላም የምትለዋ ሴትዮ ዛሬም መጥታለች!» ብላ ጮኸች። ሁሉም ወንበራቸውን እየጎተቱ ተሰበሰቡ። እየተናገሩ ስልኩን የሚያስጽፉት ብዙ ናቸው፤ ይቺ ሴት ግን መፈለጊያውን ሰው አድርጋዋለች። «እንደምን ዋልሽ የኔ እመቤት፣ ሥራ እንዳላስፈታሽ እንጂ አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር» ብላ ነው የምትጀምረው። እኔም ፈገግ ብዬ ነበር እትዬ። ከዚያ የቀረውን አነበብኩት። «ልጄ ልጇን ይዛ ከሄደች ቆየች። ሕፃኑ ሲወለድ ጀምሮ ግራ እግሩ ወደ ውስጥ የዞረ ነው። እሷ ገላውን ስታጥበው ታፏጭለታለች። አይተሻት ከሆነ በወለደችሽ ንገሪኝ።»

ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ደርቆ ቀረ።

እማዬ ብቻዋን ሆና ይህን ያደረገች እንዳይመስልሽ። ባልሽ ከሥራ ሲወጣ ቀጥታ እኛ ቤት ነው የሚመጣው። ሶፋው ላይ አጠገቧ ተቀምጦ ስልኩን ይይዝላታል። «እማማ፣ እንደ ሰው ያናግሩት፣ ይሰማዎታል» ይላታል። ድምፁ እንዴት እንደሚለሰልስ ታውቂዋለሽ። ክንድሽን በሰበረ ማግስትም እንደዚያው ለስላሳ ነበር። የእኔንም ስልክ «ቆይ ላስተካክልልሽ» እያለ ይነካካዋል፤ በወረቀት የምጽፍልሽ ለዚህ ነው።

በድሮው መፈለጊያ እማዬ ያን ሁሉ ተናግራ የሚመጣላት ባዶ ነበር። እኛ ጋ በሙከራ ላይ ያለው አዲሱ ግን ሰላምታዋንም ልመናዋንም ወደ ጎን ትቶ፣ እናትየዋንና የልጁን እግር ይዞ ሄደ። ማክሰኞ ዕለት የእኔ ስክሪን ላይ ከላይ የእማዬ ልመና፣ ከታች ያንቺ ጥያቄ መጣ። የግራ እግሩ ብረት ቆዳውን እንደላጠው፣ ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ እንደምትሠሪ፣ የከተማውን ስም እንኳ ሳይቀር ጽፈሻል። ምነው እትዬ! ስምሽ የለበትም፣ እኔ ግን ገና ሳልጨርሰው አወቅሁሽ። እኔ ካወቅሁሽ እሱ ያጣሻል?

እማዬ ልጄን አግኚልኝ ብላ የለመነችው እኔን ነበር ማለት ነው። ጣቴን ብዙ አቆየሁት። ከዚያ «አይገናኝም» የሚለውን ተጫንኩ።

ከሰዓት በኋላ ኢንጂነሩ ጠሩኝ። ሌሎቹ ሁለቱ ይገናኛል ብለዋል። «አንቺ እኮ ስተሽ አታውቂም፣ ዛሬ ምን ነካሽ?» አሉኝ። ሴትየዋ መገኘት ባትፈልግስ አልኳቸው። ድምፄ ስላልተሰማቸው አስደገሙኝ፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ማሽኑ የተጠየቀው ነገር ይገባዋል እንጂ ማን ለምን እንደጠየቀ የሚያውቅበት መንገድ የለውም አሉ። ያጥፉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ማጥፋት የሚችለው ራሱ የጻፈው ሰው ብቻ ነው፣ አዲሱ ደግሞ ሰኞ ለሁሉም ይከፈታል አሉኝ። በሩ ጋ ስደርስ ቀስ ብለው «የምታውቂያት ከሆነ ንገሪያት» አሉ። አላውቃትም ብዬ ወጣሁ።

ትናንት ሳቂታዋ እንባዋ እስኪመጣ ስቃ «ሴትየዋ ዛሬስ ለየላት» አለችኝ። አየሁት። በዚህኛው ሰላምታ የለም። «እሱ ሲጋራ ሊገዛ ወጥቷል። ካገኘሻት አታሳዪን። ደህና መሆኗን ብቻ ንገሪኝ፣ እሱ ይበቃኛል። አንቺም ደግሞ ሰው አየኝ አላየኝ እያልሽ ምሳሽን ሳትበዪ አትዋዪ።»

ሳቂታዋ «ማሽን ምን ሊበላ ነው!» ብላ ጠረጴዛውን ደበደበች። እኔ ምሳዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ እዚያው ሁሉም ፊት በላሁ።

ቤት ስገባ ባልሽ ሶፋው ላይ ነበር፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። እማዬ ቆማ ልብስ ታጥፋለች። እሱ እየሰማ ምን እላለሁ? «እማዬ፣ ዛሬ ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ» አልኳት። እሱ ቀና ብሎም አላየኝ። እማዬ የምታጥፈውን ፎጣ ፊቷ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «ጎሽ» አለችኝ።

እትዬ፣ ይህን ለሚያደርስልሽ ሾፌር የጽሑፍ መልስ አትስጪው። ጥያቄሽን ካጠፋሽው «በልታለች በልልኝ» ብቻ በዪው። ለእኔም ለእማዬም ይገባናል።

ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ። አምላክ ለሚወዱሽ ብቻ ያሳይሽ፣ ከሌላው ሁሉ በእጁ ይሸፍንሽ።

የምትሳሳልሽ ታናሽ እህትሽ