ግጭት እስኪደርስ እንድንጠብቅ ለመከረን ቢሮ

ይድረስ ለተከበሩ የተሽከርካሪ ደኅንነት ቅሬታ ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ፣ በተለይም አንገትዎና ወገብዎ፣ እንደምን ሰንብቷል? እኛ መኪናው እስከፈቀደልን ድረስ ደኅና ነን።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የመንጃ አሠልጣኝ ስሆን ልጄ አዋላጅ ነርስ ናት። መሥሪያ ቤቷ ምጥ የያዛቸውን እናቶች ቤታቸው ድረስ ሄዳ እንድትረዳ፣ ከመንገዱ መስመር እንዳይወጣ መሪውን በራሱ የሚያቃና አዲስ መኪና ሰጥቷታል፤ እግዜር ይስጠው። ስለዚህ መኪና ያቀረብነውን አቤቱታ በታላቅ ትዕግሥት ስላላዩልን ላመሰግንዎ ይህን ጻፍኩ።

አንደኛ፣ ልጄ ለሥራ በምታልፍበት ድልድይ አጠገብ መንገዱ ሲጠገን የተቀባው ጊዜያዊ መስመር በደንብ ስላልተፋቀ፣ መኪናው እውነተኛው መስመር እሱ መስሎት መሪውን ከልጄ እጅ እየነጠቀ ወደ ገደሉ ያቀናል። ያየልን ባለሙያዎ ግን በግቢያችሁ ውስጥ አንድ ዙር ነድቶ ምንም እንከን አላገኘበትም። ግቢያችሁ ገደል ስለሌለው እንኳን ደስ ያላችሁ።

ሁለተኛ፣ ይህን ማቃናቱን ብናጠፋበት ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ራሱ መልሶ ያበራዋል። እንዲህ ያለ ትጉህ ሠራተኛ በቢሮዎ ቢገኝ ኖሮ እኛም በወረፋ ባላረጀን ነበር።

ሦስተኛ፣ ጸሐፊዎ ግጭት ያልደረሰበት ቅሬታ እንደማይመዘገብ፣ ሲደርስ ግን ተመልሰን ብንመጣ በደስታ እንደምታስተናግደን በትሕትና ነገረችን። የኔ እናት፣ ከልቧ ነው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለካ ቢሮዎን ሳያማክሩ ኖሯል። ልጄ ራሷ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናትና፣ ተመልሰን የምንመጣው ስንት ሆነን እንደሆነ ጸሐፊዎ አልጠየቀችም።

ፈርቻለሁ፣ ጌታዬ። ዕድሜ ልኬን ያሠለጠንኩበት መኪና በአሠልጣኙ በኩል ሁለተኛ ፍሬን ነበረው። አሁን ከልጄ ጎን ስቀመጥ ድልድዩ ገና ሳይታይ ቀኝ እግሬ ባዶውን ምንጣፍ ይረግጣል፤ እሷም አይታ እንዳላየች ትሆናለች። አብሬያት ባልሄድ ደግሞ ስልክ በጮኸ ቁጥር ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ እርስዎም ሆኑ ልጆችዎ የምትሄዱበት መንገድ ሁሉ መስመሩ የለየለት ይሁን እላለሁ።

ከወንበሩ ጫፍ ላይ ሆኖ፣ በታላቅ አክብሮት፣
የአዋላጇ አባት

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ጉዳዩን በዓይንዎ አይተው እንዲፈርዱ፣ ነገ ልጄ ድልድዩን ስትሻገር ወንበሬን ለእርስዎ ለቅቄያለሁ። በዚያ በኩል ፍሬን ለመፈለግ አይድከሙ፤ እኔ በእግሬ ስዳብስ ከርሜ አጥቼዋለሁ።