የደጃፉ ደረጃ

ሰኞ፣ ማርች 6፣ 1922፣ ሳን ፍራንሲስኮ

ደረቅ ዓሣ ስመዝን ዋልኩ። እጄ እስካሁን ይሸታል። መርከቧ ነገ ትገባለች። ዩክ ሙይ... ባለቤቴ። ከተለያየን ዘጠኝ ዓመት። ስታየኝ ታውቀኝ ይሆን? አጎት ዪንግ፣ የሱቁ ሸሪኬ፣ «ሂድና ፀጉርህን ተስተካከል፣ አባቷ መስለሃል» አለኝ።

ማርች 8

እንደፈራሁት መጤዎች ወደሚመረመሩበት ደሴት ወሰዷት። ነጮቹ ተሳፋሪዎች ቀጥታ ወደየቤታቸው ሄዱ። የቻይና ነጋዴ ሚስቱን ማስገባት ይችላል ይላል ሕጋቸው። ሚስቴ መሆኗን ግን ማመን አለባቸው። ለየብቻ ይጠይቁናል። መልሳችን ካልገጠመ ወደ ቻይና ትመለሳለች።

ማርች 21

ጠየቁኝ። የመንደርህ የውሃ ጉድጓድ በየት በኩል ነው? ጎረቤትህ ማነው? ደጃፍህ ላይ ስንት ደረጃ አለ? ሦስት አልኩ። አስተርጓሚው፣ የአገሬ ሰው፣ ቀና ብሎ አየኝ።

ምን አጠፋሁ?

ማርች 23

አምስት ብላለች። ትመለስ ተባለ።

የተወለድኩበት ቤት እኮ ነው! ሦስት ነው። በጣም ተናደድኩባት... እንዴት ሰው የራሱን ደጃፍ ይሳሳታል?

አጎት ዪንግ፦ «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ደጃፍ የወጣች የገባች እሷ። አንተ ምኑን ታውቃለህ? ከመቆጣትህ በፊት ደብዳቤዎቿን አንብብ።»

ማርች 24

አገኘሁት። ከመጣሁ በአራተኛው ዓመት የጻፈችው። «ጎርፉ የደጃፉን አፈር ጠርጎ ወሰደው። እናትህ መውጣት መውረድ ስላቃታቸው ከታች ሁለት ደረጃ ጨመርኩ። ድንጋዩን ራሴ ነኝ የተሸከምኩት።»

አንብቤው ነበር። መልስ ስጽፍላት ስለ ድንጋዩ አንድ ቃል አላነሳሁም። አፈርኩ።

ማርች 28

ደብዳቤውን ይዤ ሄድኩ። መርማሪው፦ «ታዲያ ለምን ሦስት አልክ?»

«ትቼው ስመጣ ሦስት ነበር። ቤቱን የምታውቀው እሷ ናት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

መልሴን ጻፈ። እናያለን አለ።

ኤፕሪል 11

ለቀቋት።

ከስታለች። ወደቡ ላይ ትንሽ አየችኝና «አርጅተሃል» አለች። «ዓሣ ዓሣም ትሸታለህ።» እንባዬ መጣ፤ እሷ ሳቀች።

ወደ ክፍላችን ስንወጣ ከኋላዬ የሆነ ነገር ታነበንባለች። የምትጸልይ መሰለኝ። በሩ ጋ ስንደርስ «አሥራ አራት» አለች።

«ምኑ?»

«ደረጃው ነዋ። አንተስ ስንት ትላለህ?»

ዘጠኝ ዓመት ወጥቼበታለሁ... ቆጥሬው አላውቅም። ዕቃዋን በሩ ላይ አስቀመጥኩ። ተመልሰን ወረድንና አብረን ቆጠርን።