ስለማይረግፈው ሰሊጥ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የቅባት እህሎች ማሻሻያ ማዕከል ዳይሬክተር

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ወገብዎንም ያለ ሕመም እንዲያገኝልኝ እመኛለሁ፤ የእኛን ወገብ ግን ለጊዜው ባይጠይቁን ይሻላል።

በቅድሚያ ላመስግን። ሰሊጥ ገና ሳናጭደው ፍሬ የቋጠረበትን ከረጢቱን እየከፈተ ፍሬውን መሬት ላይ ሲያረግፍብን ኖሯል። ማዕከልዎ በዘጠኝ ዓመት ድካም ከረጢቱ የማይከፈት ምርጥ ዘር አወጣልን። በመስክ ጉብኝቱ ዕለት ዘሩን ያዳቀሉት ባለሙያ አንድ ነዶ ዘቅዝቀው ሲያራግፉት አንዲት ፍሬ አልወደቀችም። አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ አልክድም።

ባለቤቴ ብቻ እጇን አውጥታ፣ «ታዲያ እኛ በምን እናወጣዋለን?» አለች። ከሻይ በኋላ እንደሚመለስላት ተነገራት። ሻዩ ተጠጣ። ተሳፍራችሁ ሄዳችሁ።

አቤቱታዬ በቅደም ተከተል የሚከተለው ነው፤

፩. እንደ ልማዳችን ያጨድነውን አርባ ነዶ አድርቀን፣ ሸራ ላይ ዘቅዝቀን መታነው። ይህን ያህል ንጹሕ ሸራ በዕድሜዬ አላየሁም።

፪. በዱላ ስናጠብቅበት ከረጢቱ ከነፍሬው ደቀቀ። አብረውን የሚኖሩት አማቴ በጥጥ መዳመጫ ሞክረው፣ አንድ ስኒ ያህል ካወጡ በኋላ መዳመጫውን እኔ እጅ ላይ አስቀምጠው ወደ ጓዳ ገቡ።

፫. አሮጌውን ዘር የዘራው ጎረቤታችን ጥቂት ረግፎበት የቀረውን ቤቱ አስገብቷል። በየጠዋቱ ብቅ እያለ፣ «ያመረታችሁት ሰሊጥ ነው ወይስ ቁልፉ የጠፋ ሳጥን?» ይለናል። መልሱን ከክቡርነትዎ እንዲጠይቅ ነግሬዋለሁ።

አንዳንዴ አንዱን የሰሊጥ ዘንግ ጆሮዬ ላይ አድርጌ እነቀንቀዋለሁ። ፍሬው ውስጥ አለ። ይሰማል።

ለዚህ ዘር የተሠራ መውቂያ ማሽን እንዳለ ሰምቼ ወደ ማዕከልዎ መጥቼ ነበር። ጥበቃው በትሕትና በአጥሩ ቀዳዳ አሳዩኝ፤ ለጎብኚ ማሳያ ስለሆነ ከግቢ አይወጣም አሉኝ። ቀለሙ በእውነት ያምራል። አንድም ሰሊጥ አልነካውም።

ዝናቡ ቢዘገይ አንድ ሳምንት ነው። ነዶው ከረጠበ ይሻግታል፤ የዓመት ልፋታችንም የከርሞ ዘራችንም እዚያው ታሽጎ ይበሰብሳል። ስለዚህ ማሽኑን ለአንድ ቀን ብቻ እንዲያውሱን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ጎብኚ ካስፈለገው መላው መንደር ቆሞ ይጎበኘዋል።

ከታላቅ አክብሮት፣ ከጥቂት ቅሬታና ከብዙ ያልተፈለፈለ ሰሊጥ ጋር፣
ታዛዥዎ አርሶ አደር

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ሰማዩ ጠቆረ፤ ነዶውን ሁሉ ተሯሩጠን መኝታ ክፍላችን አስገባን። ማሽኑ የሚዘገይ ከሆነ አንድ ባለሙያ ይላኩልን፤ ሦስት ሰው ከአርባ ነዶ ጋር እንዴት እንደሚተኛ እንዲያሠለጥነን።