የጋሽ ዘገየ ክላክስ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
ሱቅ ዋልኩ። ሦስት የሞባይል ስክሪን ቀየርኩ፣ አንድ የቻርጀር ቀዳዳ። መብራት ሁለቴ ጠፋ።
ከሰዓት በኋላ እትዬ አይናዲስ በበሩ አለፉ። አላዩኝም። አልተጣራሁም... ለምን? ባለቤታቸውን ጋሽ ዘገየን ከጠየቅኩ አራት ወር ሊሞላኝ ነው። ሬዲዮ መፍታት ያስተማሩኝን ሰው። ከስምንት ወር በፊት ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ ጎናቸው አይንቀሳቀስም፣ አንደበታቸውም ተይዟል። ሥራ በዛብኝ እላለሁ። ውሸቴን ነው። እንደዚያ ሆነው ማየቱ ስለሚከብደኝ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7
ጋሽ ዘገየ ወደቁ ሲሉኝ ሱቁን ዘግቼ ሄድኩ። እትዬ ጓሮ ልብስ ሲያጥቡ፣ እሳቸው ውሃ ለማንሳት ሞክረው ከአልጋ ወደቁ። አንድ ሰዓት ያህል ወለል ላይ። ግንባራቸው ተልጧል።
«ቢጠራኝ እሮጥ ነበር፣ ኢንሳፍ። በምን ይጥራኝ?» አሉኝ እትዬ።
ራስጌያቸው የደወል ማብሪያ አለ። ግን ደህናው ግራ እጃቸውም ደክሟል፣ ለመጫን አቅም የለውም። ጣታቸው ይነካል፣ አይጫንም።
ይነካል... መንካት ከቻሉ ይበቃል እኮ! የንክኪ ሴንሰር ሱቅ ውስጥ አለኝ። የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች።
«ማሎ፣ እባክዎ እትዬ፣ ጥቂት ቀን ይስጡኝ።»
አንዲት ጎረቤት አልጋው አጠገብ ቆማ «ልቡም አብሮ ሄዷል፣ አይደል?» አለች።
«አዎ። ምኑንም አያውቅ» አሉ እትዬ።
ጋሽ ዘገየ ጣሪያውን ያያሉ።

እሁድ፣ ጥቅምት 9
አልሠራም።
ሐሳቤ ቀላል ነበር። ሴንሰሩ ሲነካ ሪሌ የሚባለውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ያስነሳል፣ ሪሌው ደግሞ የባጃጅ ክላክስ ያስጮኻል። መብራት ቢጠፋም እንዲሠራ በሞተር ሳይክል ባትሪ። ሴንሰሩን ከሪሌው ጋር በቀጥታ አገናኘሁ። ስነካው የሴንሰሩ መብራት ቦግ ይላል። ሪሌው ዝም።
ሴንሰሩ ተበላሽቶ ይሆን? ሌላ ቀየርኩ። ያው። በቴስተር ለካሁት... ብቻውን ሲሆን አምስት ቮልት። ሪሌው ሲገናኝ ወደ አንድ ይወርዳል። ለካ አቅም የለውም! የሚሰጠው ጥቂት ሚሊአምፔር ነው፣ ሪሌው የሚፈልገው ሰባ።
ስድስት ዓመት ስክሪን ስቀይር ይህንን ረሳሁት። ያስተማሩኝን። አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ትራንዚስተር!
ከአንድ የሞተ ቴፕ ላይ ነቀልኩ። ሴንሰሩ በሬዚስተር በኩል ለትራንዚስተሩ ትንሿን ኃይል ይሰጠዋል፣ ትራንዚስተሩ ደግሞ ከባትሪው የሚመጣውን ብዙውን ለሪሌው ይለቅለታል። ነካሁት። ቀጭ! ሱቅ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ። ጎረቤት ጫት ሻጯ ሀኒፋ «ማን ሊያገባሽ ነው?» አለችኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13
ኧረ ጉድ... ዛሬ ወስጄ ገጠምኩት። ሴንሰሯን ፍራሹ ጠርዝ ላይ፣ ክላክሱን ጓሮ በር ላይ። ጣታቸውን ይዤ አስነካኋቸው። ጮኸ! እትዬ ከጓሮ «በስመአብ!» እያሉ መጡ። ቀጥሎ ብቻቸውን ነኩ። እንደገና። ስድስት ጊዜ፣ ሰባት...
ከሰባተኛው በኋላ አላቆም አለ። እጃቸውን አንስተዋል፣ ክላክሱ ይጮኻል። ሰፈሩ ተሰበሰበ። የጫት መኪና መንገድ ስቶ ግቢ የገባ የመሰላቸውም ነበሩ። የባትሪውን ሽቦ ነቅዬ ገላገልኳቸው። ትራንዚስተሩ ተቃጥሏል፣ ውስጥ ለውስጥ ተያይዞ ቀርቷል።
ቀና ስል ጋሽ ዘገየ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ደነገጥኩ። ለካ እየሳቁ ነው። በግማሽ ፊታቸው።
ሳቁ... ምን እንደሆነ ሳይገባቸው?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
ልጻፈው።
እትዬ ገበያ ሄዱ፣ እኔ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ አዲስ ትራንዚስተር በየድኩ። ከራሴ ጋር አወራለሁ። «ምን በደልኩት? ለምን ተቃጠለ? ሬዚስተሩ ልክ ነው...» ጋሽ ዘገየ አንሶላውን በጣታቸው ይጭራሉ። ደጋግመው። በርዷቸው መስሎኝ ልሸፍናቸው ስል እጄን ነኩኝ። መዳፌን ዘረጋሁላቸው።
ጣታቸው መዳፌ ላይ ቀስ እያለ ሄደ። አንድ መስመር። ሌላ። ሦስተኛ። ሦስት ማዕዘን። ከዚያ ጫፉ ላይ አንድ አጭር መስመር፣ እንደ ግድግዳ።
«የዳዮድ ምልክት... ዳዮድ?» አልኩ።
ዓይናቸውን ጨፈኑና ገለጡ።
«የሪሌው የሽቦ ጥቅል ላይ? ተገልብጦ?»
ጨፈኑ። ገለጡ።
ያ ረቢ! ሪሌው ሲጠፋ ጥቅሉ የያዘውን ጉልበት መልሶ ይረጨዋል፣ መሄጃ ካላገኘ ትራንዚስተሩን ይገድለዋል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዳዮድ መሄጃ ይሰጠዋል። ይህንን እሳቸው ነበሩ ያስተማሩኝ። አሁንም ያውቁታል። ሁሉንም ያውቃሉ። ስምንት ወር ሙሉ ሰው አጠገባቸው ቆሞ ሲያወራባቸው...
እጃቸውን ስሜ አለቀስኩ። አራት ወር የጠፋሁትን ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ቶሎም አልገለጡ።
ዳዮዱን ጨመርኩ። ሠላሳ ጊዜ ነካን። አልተቃጠለም። አልሐምዱሊላህ።

እሁድ፣ ጥቅምት 16
እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠብቄ ነገርኳቸው። አላመኑኝም። «አንቺ ስለምትወጂው ነው።»
«ራስዎ ይጠይቋቸው» አልኩ።
ነጠላቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ፣ «ለእህቴ ያልኳትን... ፈጣሪ በወሰደውና ባረፈ ያልኩትን... ሰምተሃል?»
ጨፈኑ። ገለጡ።
እትዬ ፊታቸውን በነጠላው ሸፈኑ። «ደክሞኝ ነው፣ ዘገየ። ደክሞኝ ነው እንጂ...»
የጋሽ ዘገየ ግራ እጅ አንሶላው ላይ እየተሳበ ወደ እትዬ ሄደ። ተነስቼ ወጣሁ። የእኔ ቦታ አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9
መህዲ የሚባል ደንበኛ ከሂርና የመስጊድ አምፕሊፋየር ካመጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሁለት ሠሪ ፈቶት ትቶታል፣ እምምም ይላል። ትናንት ጋሽ ዘገየ ዘንድ ወስጄ ከፈትኩት። አደመጡት። መዳፌ ላይ ሁለት አጫጭር መስመር ጎን ለጎን። ካፓሲተር። «ትልቁን?» አልኩ። ጨፈኑ።
ዛሬ ጠዋት ቀይሬ አሳየኋቸው። ብየዳውን አዩና ክላክሱን ሦስቴ አስጮኹት። ሦስቴ ማለት «ድገሚው» ነው። እትዬ ከጓሮ «ምን አጥፍታ ነው?» አሉ። ደገምኩት።
ከሰዓት መህዲ መጣ። ጠራ ያለ ድምፅ ሲሰማ «ወላሂ፣ ማን ነው የሠራው?» አለ።
«ጋሽ ዘገየ።»
«የድሮው ዘገየ? አልሞቱም እንዴ?»
«ምን ይሞታሉ!» አልኩት። «ዛሬ ጠዋት እንኳ ሲቆጡኝ ነበር።»