የልጄን የተማሪነት ቦታ ለእኔ ስለ ሰጣችሁኝ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የዲግሪ አፕረንቲስሺፕ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ ደህና ነው? ያ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ሲስተማችሁስ እንዴት ከረመ? እኔና ቤተሰቤ፣ ከቶተንሃም መንገድ መጨናነቅና ከእርስዎ መሥሪያ ቤት በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ምንም አላገኘንም።

ስሜ መርዕድ ዓባይ ይባላል። የባስ ሹፌር ነኝ፤ ዕድሜዬ ስድሳን ሊያንኳኳ ተቃርቧል፤ ስለ ኮምፒዩተር የማውቀው ነገር ቢኖር ሲበላሽ ልጄን መጥራት ነው። ልጄ ዳናዊት መርዕድ ትባላለች። ባለፈው መስከረም፣ በሳምንት አራት ቀን በአንድ ኩባንያ ሶፍትዌር እየሠራች፣ ዓርብ ዓርብ ደግሞ በእናንተ ዘንድ እየተማረች እናንተ አፕረንቲስ በምትሉት መንገድ ዲግሪዋን እንድትይዝ ተቀባይነት ያገኘችው እሷ ናት። ተማሪ የሆንኩት ግን እኔ ነኝ። ለዚህ ላበቃኝ ጽሕፈት ቤት ምስጋናዬን በየተራው እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፦ ስለ አቀባበላችሁ አመሰግናለሁ። በእኛ ወግ ልጅ ከስሙ ቀጥሎ የአባቱን ስም ያስከትላል እንጂ ለቤተሰቡ ሁሉ የሚታደል አንድ ስም የለንም። መርዕድ ማለት እኔ ነኝ፤ በቤቱ ሌላ መርዕድ የለም። ስለዚህ «ውድ መርዕድ፣ እንኳን ደስ አለዎት» የሚል ደብዳቤ ቤቴ ሲደርስ፣ የእኔ ነው ብዬ ከፈትኩት። የትውውቅ ቀን ስላለ እንድገኝ ይጋብዛል። እኔም እንደ ልጄ የድሮ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ መስሎኝ፣ እሷ በዚያው ዕለት ኩባንያዋ ጠርቷት ስለ ነበር፣ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ከረባቴን አስሬ ከተፍ አልኩ። አንዲት ፈገግታ የማይለያት ወጣት ስሜን ጠየቀችኝ፤ መርዕድ አልኳት፤ ኢሜይሌን መዘገበች፤ ፎቶ አነሳችኝ፤ ካርድ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ፤ የዩኒቨርሲቲው ስም የተጻፈበት ሹራብም ጨመረችልኝ። ሹራቡ ሆዴ ላይ አልደርስ አለ እንጂ፣ ወላጅን እንዲህ የሚያከብር ተቋም በማግኘቷ ልጄን መርቄ ነበር የተመለስኩት።

ሁለተኛ፦ በየሳምንቱ «ውድ መርዕድ፣ ሳምንቱ እንዴት አለፈ?» ብላችሁ በኢሜይል ስለምትጠይቁኝ አመሰግናለሁ። የገዛ ወንድሜ እንኳን እንዲህ ሳያሰልስ ጠይቆኝ አያውቅም። ሰው ሰላም ሲል ዝም አይባልምና፣ እኔ ደህና ነኝ፣ እናንተስ እንዴት ናችሁ፣ ልጆቹ አደጉ ወይ፣ ብርዱ አልጠናም ወይ እያልኩ አንዱንም ሳላስቀር መለስኩ። ለካስ ሲስተማችሁ ይህን ሁሉ «የተማሪ ተሳትፎ» እያለ ሲመዘግብልኝ ኖሯል! የተርሙ ትጉህ አፕረንቲስ ተብዬ የምስክር ወረቀት ተላከልኝ። ዳናዊት ኢሜይሉን የሚልከው ማሽን እንደሆነና ማንም እንደማይመልስለት በኋላ ነገረችኝ። ታዲያ ማሽንስ ቢሆን፣ እንዴት ነህ ያለ አይመለስለትም እንዴ?

በዚህ መሃል ልጄ ዓርብ ወደ ግቢያችሁ ስትሄድ በሩ አልከፈትላት አለ። ካርድ ስጡኝ ብትል፣ የመርዕድ ካርድ ወጥቷል ተባለች። እኔ ዳናዊት ነኝ ብትል፣ ካርድ ሳይሰጧት በሌላ መስመር መዘገቧትና መቅረቷን ብቻ ይቆጥሩላት ጀመር። እንዲህ አድርጋችሁ ከአንድ ተማሪ ሁለት አወጣችሁ፤ አንዱ ትጉህ፣ አንዷ ቀሪ።

ሦስተኛ፦ ስለ ሄልፕ ዴስካችሁ ርኅራኄ አመሰግናለሁ። ልጄ ደጋግማ ስትደውል፣ ስለ ተማሪው መርዕድ ከራሱ ከተማሪው በቀር ከማንም ጋር መነጋገር በግል መረጃ ሕግ እንደማይፈቀድ ገለጹላት። ይሁን ብዬ ተማሪው ራሴ ደወልኩ። በስህተት የገባሁ ሰው ነኝ፣ ቦታው የሌላ ነው፣ እዚያ መሆን አይገባኝም አልኳቸው። ያነጋገረችኝ ልጅ አይዞዎት አለችኝ። ይህ ስሜት ጎበዝ ተማሪዎችን ሁሉ እንደሚይዝ አስረድታ ወደ አማካሪ መራችኝ። አማካሪው፣ እግዜር ይስጠው፣ ጨዋ ሰው ነው። ሹፌር ነኝ ስለው፣ ራሴን ዝቅ ማድረጌን እንድተው መከረኝ። ቦታው የልጄ ነው ስለው፣ ለልጄ ምን የመሰለ አርአያ እንደሆንኳት ነግሮኝ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በመጨረሻም ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ «ይህ ቦታ ይገባኛል» እንድል አዘዘኝ። አንድ ጠዋት ሞከርኩት። ልጄ ከኋላዬ ቆማ ሰማችኝና ተውኩት።

አራተኛ፦ በሥራ ቦታዬ እንዲገመግመኝ ስለ ላካችሁት ኮች፣ ማለትም አሠልጣኝ፣ አመሰግናለሁ። ሆሎዌይ ካለው የባስ ጋራዣችን ድረስ መጣ። ባስ አቁሜ ስወርድ አየኝ፤ ምንም አልገረመው። ካስቸገረኝ ደንበኛ ጋር እንዴት እንደ ተግባባሁ ጠየቀኝ፤ ባለ ሁለት ሰው ፍራሽ ይዤ ካልገባሁ ብሎ በር ላይ የተጋደመውን ሰውዬ በልመና እንዳስነሳሁት አጫወትኩት። «ከደንበኛ ጋር መግባባት፦ እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ ጻፈ። ሶፍትዌር በሚለው አንጻር ደግሞ «በማደግ ላይ» አለኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል እሰማ ነበር፤ ኩበቱ ተገኝቶ ማርክ ሲሰጠው ያየሁት ግን በእናንተ ቤት ነው።

አምስተኛ፦ በዚህ በአምስተኛው ለመሳቅ ሞክሬ አቅቶኛል። በመጪው ረቡዕ የሚሰበሰበው የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ዳናዊትን ከትምህርት ቀርታለች ብሎ ሊያሰናብታት ነው። ውሉ አንድ ስለሆነ፣ እናንተ ካስወጣችኋት ኩባንያውም ሥራዋን ያቆማል። በቦርዱም ላይ የአፕረንቲሶች ተወካይ ሆኜ ድምፅ እንድሰጥ የተመረጥኩት፣ ከትጋቴ የተነሳ፣ እኔ ነኝ። አባት በልጁ ላይ ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም፣ ነውርም ነው ብዬ ወዲያው ጻፍኩላችሁ። መልሳችሁ እንዲህ ይላል፦ ቼክ አድርገናል፤ የእሷ የቤተሰብ ስም መርዕድ፣ የእርስዎ ደግሞ ዓባይ ስለሆነ ዝምድና አልተገኘም፤ ከመቀመጥ የሚያግድዎት ነገር የለም። አጀብ! ተወልጄ ባደግሁበት ቀበሌ ስንት ጉድ አይቻለሁ፤ ልጅህ ልጅህ አይደለችም ያለኝ ሊቀመንበር ግን አልነበረም። ጀምበር ሳለ ሩጥ፣ አባት ሳለ አጊጥ ይላሉ አበው። አባት ሳለ፣ ያውም በአባት ድምፅ፣ መባረርን የጨመራችሁበት እናንተ ናችሁ።

እንግዲህ ጨዋነቴን ለአፍታ ወደ ጎን ላድርገውና፣ ክቡርነትዎ፣ ተናድጃለሁ። ልጄ ዛሬም ዓርብ ዓርብ ትሄዳለች። ከበራችሁ ማዶ ካለው ካፌ ትቀመጣለች፤ አኑዋር የሚባል የክፍል ጓደኛዋ ትምህርቱን ቀድቶ በስልኳ ይልክላታል፤ እሷም ግቢውን በመስኮት እያየች ታጠናለች። የቤት ሥራውን ሁሉ ሠርታ ጨርሳለች፤ የምታስገባበት አካውንት ነው ያጣችው። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏት ሳለ፣ እየሠራሁ መማር ነው የምፈልገው ብላ የመጣችው እናንተ ጋ ነው። ያንን ደብዳቤ የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ግን አንድም ቀን አባዬ አንተ ነህ ያበላሸኸው አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ እኔን አባርሩኝ። ሰነፍ ነው በሉ፣ አርጅቷል በሉ፣ ሰላምታ ያበዛል በሉ። ካርዱንም ሹራቡንም አምጥቼ አስረክባለሁ። ለእሷ በሩን ክፈቱላት።

ሳልማር የተመሰገንኩ፣ ሳልወዳደር የተሾምኩ፣ በወለድኳት ልጅ ላይ እንድፈርድ የታመንኩ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ ትጉህ ተማሪዎ፣
መርዕድ ዓባይ
ከቶተንሃም

ግልባጭ፦
ለልጄ ኩባንያ፣
ለመግቢያው በር ማሽን፣
በመሥሪያ ቤታችሁ ኢሜይል የሚያነብ ሰው ካለ፣ ለእሱ።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ልልክ ስል ሌላ ኢሜይል ከጽሕፈት ቤትዎ ደረሰኝ። የዳናዊት ጉዳይ ግልጽ በመሆኑ ቦርዱ መሰብሰብ ሳያስፈልገው ስሟ ትናንት መሰረዙንና፣ እኔም ከመንገድ ድካም መትረፌን ያበሥራል። ቀጥሎም አንድ ቦታ ስለ ተለቀቀ፣ በቴክኖሎጂ ሙያ የሴቶች ቁጥር እጅግ ስለሚያሳስባችሁ፣ ከሐበሻው ማኅበረሰብ ጎበዝና ታታሪ ወጣት ሴት የማውቅ እንደሆነ እንድጠቁማችሁ በትሕትና ይጠይቀኛል። አዎን፣ አንዲት አውቃለሁ። ትናንት ያባረራችኋት እሷ ናት።