ከሞተር የወረደ ጉልበት አይካስም ላሉት ኃላፊ

ለተከበሩ የመድን ድርጅቱ የካሳ ክፍያ መምሪያ ዋና ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ሁለቱ ጉልበቶችዎ እንዴት ናቸው? አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቢሮዎ ሲወጡና ሲወርዱ እንደ ልብ እየታጠፉ ያገለግሉዎት ዘንድ ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የምመኝልዎ ለወጉ ያህል ብቻ አይደለም፤ አንደኛው እንኳ እምቢ ያለዎት ቀን የራስዎ መሥሪያ ቤት እንዴት አድርጎ እንደሚያስተናግድዎ ስለማውቅ ነው።

ይህቺ ደግሞ ማን ናት ብለው እንዳይቸገሩ፣ በሙያዬ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው አቤቱታ፣ ይግባኝና የይቅርታ ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬአለሁ። «ክቡር ሆይ» የሚለውን ቃል ከእርስዎ በፊት ለብዙ ሰው ጽፌዋለሁ፤ ከመካከላቸውም የሚገባቸው አልጠፉም። በእጅዎ ያለው ፋይል ባለቤት ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን ካለፈች ጀምሮ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖትም «እትዬ» እያለ ያዳምጠኛል። ሥራው ከየክሊኒኩ የደም ናሙና እየሰበሰበ በራሱ ሞተር ሳይክል ወደ ዋናው ላቦራቶሪ ማድረስ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ «ሽማግሌው» ይሉታል፤ ብስክሌት የያዙ ተማሪዎች እንኳ እየቀደሙት ያልፋሉና።

ጊዜዎ ውድ እንደሆነ ባልደረቦችዎ ሰባት ጊዜ ስለነገሩኝ ቅሬታዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምርጫችን። ባለፈው ዓመት ወንድሜ መድን ሊገባ ሲመጣ እኔም አብሬው ነበርሁ። የሽያጭ ሠራተኛዋ ወንበር ስባ አስቀመጠችንና ሦስት ዓይነት ሽፋን ዘረጋችልን። አንደኛው በሌላ ሰው ላይ፣ እናንተ ሦስተኛ ወገን በምትሉት ላይ፣ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍለው፣ በሕግ ግዴታ የሆነው ነው። ሁለተኛው ለራሱ ለሞተሩ ነው። ሦስተኛው ነጂው ቢጎዳ የሕክምና ወጪውን የሚሸፍን ነው። ከግዴታው በላይ ሁለቱንም ለመግዛት አቅማችን ስላልፈቀደ አንዱን መምረጥ ነበረብን። ወንድሜ ለሞተሩ ሽፋን ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ፤ «እትዬ፣ ሞተሩ ከተሰበረ እንጀራዬ ተሰበረ ማለት ነው፤ እኔ እንደሆነ ራሴን እጠብቃለሁ» አለኝ። እኔ ደግሞ ምላሴ ጸጉር እስኪያበቅል ለመንሁት። ሞተር ይጠገናል፣ ይለወጣል፤ የሰው አካል ግን መለዋወጫው ከየት ይመጣል ብዬ ያዝሁት። በመጨረሻ ታላቅነቴን አክብሮ፣ ፊቱን እንዳጠቆረ የነጂውን ሽፋን ፈረመ። ሠራተኛዋም «እህት ማለት እንዲህ ናት!» ብላ በሰው ፊት አሞገሰችኝ። ያን ቀን ከድርጅትዎ የወጣሁት አንጀቴ ቅቤ ጠጥቶ ነው። ስለዚህ ደስታ በቅድሚያ አመሰግናለሁ፤ ከእናንተ ያገኘነው ብቸኛ አገልግሎት እርሱ ስለሆነ ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ይሆንብኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ አደጋው። ላቦራቶሪው በር ሊደረስ ሁለት መቶ እርምጃ ሲቀር ድንጋዩ የተፈነቃቀለ መንገድ አለ። ብልቃጥ ውስጥ ያለ ደም እንደ ድንች ተጭኖ አይሄድም፤ ከተናጠ ይበላሻል፤ በሽተኛውም ተመልሶ ክንዱን ለመርፌ ይሰጣል። ስለዚህ ናሙና አመላላሾቹ እዚያ ሲደርሱ ሞተራቸውን አጥፍተው ይወርዳሉ። ሳጥኑን ከኋላ መቀመጫ ፈትተው ደረታቸው ላይ ያንጠለጥሉና ሞተሩን እየገፉ በእግራቸው ይሻገራሉ። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አይከፍላቸውም፤ ሥራው ያስተማራቸው ነው። በዚያ ቀን ዝናብ ጥሎ መንገዱን ውሃ ሸፍኖት ነበር። ክዳኑ የተነሣ የፍሳሽ ጉድጓድ ውሃው ሥር ኖሮ የፊት ጎማው ዘው ብሎ ገባ፤ ሞተሩም ወደ ወንድሜ አዘነበለ። ያን ጊዜ ሞተሩን መደገፍ ወይም ዘሎ ማምለጥ ይችል ነበር። እርሱ ግን መሪውን ለቆ ሳጥኑን በሁለት እጁ አቀፈና በጀርባው ወደቀ፤ ሞተሩ ቀኝ ጉልበቱ ላይ አረፈ። አርባ ሁለቱም ብልቃጦች በሰላም ደርሰዋል። በነገራችን ላይ ሞተሩም ጭረት እንኳ አላገኘውም፤ የወደቀው ለስላሳ ነገር ላይ ነበርና።

የአደጋ ማስታወቂያ ቅጹን ባስገባን በአሥራ አምስተኛው ቀን የእርስዎ ፊርማ ያረፈበት ውሳኔ ደረሰን፤ ርዝመቱ አንድ መስመር ተኩል ነው። «ጉዳቱ የደረሰው ነጂው ከተሽከርካሪው ወርዶ በእግሩ ሳለ በመሆኑ የካሳ ጥያቄው ተቀባይነት የለውም» ይላል። እኔ በሙያዬ ብዙ ክፉ ደብዳቤ አንብቤአለሁ፤ ባለሥልጣን ተቆጥቶ የጻፈውንም፣ ባል ሚስቱን ሊፈታ የጻፈውንም አይቻለሁ። ነገር ግን ይህን ያህል በጥቂት ቃል የሰው እግር የቆረጠ አላጋጠመኝም። ለአጭርነቱ አድናቆቴን እገልጻለሁ።

ሦስተኛ። ውሳኔውን ለመረዳት ገምጋሚዎ ዘንድ ብቀርብ፣ ነጂ የሚባለው ሁለት እግሩ ከመሬት የተነሣ ሰው እንደሆነ አስረዱኝ። እኔም በትሕትና፣ ነጂ የትራፊክ መብራት ሲያስቆመው አንድ እግሩን መሬት ላይ ያሳርፋልና ያን ጊዜ ግማሽ አካሉ ከሽፋን ውጭ ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ገምጋሚዎ ብዕራቸውን አስቀምጠው ጥያቄው ለበላይ አካል እንደሚቀርብ ነገሩኝ። የበላይ አካሉ እርስዎ ስለሆኑ መልሱን በጉጉት እየተጠባበቅሁ ነው። እስከዚያው የከተማው ነጂ ሁሉ ቀይ መብራት ሲበራበት ሁለቱንም እግሩን አንሥቶ ይጠብቅ ዘንድ ቢያሳውቁልን መልካም ነው።

አራተኛ፣ ስለ እግረኛው። ወንድሜ በዚያች ሰዓት ነጂ ካልነበረ እግረኛ ነበር ማለት ነው ብዬ አሰብሁ። እግረኛን ሞተር ቢጎዳው ደግሞ ያው እናንተው የሸጣችሁልን የግዴታ ሽፋን ይከፍላል። በዚህ ተስፋ ሁለተኛ ማመልከቻ አስገባሁ። መልሱ ከመጀመሪያው ይበልጥ አስደናቂ ነበር። እግረኛ መሆኑ አላከራከረም፤ የጎዳው ሞተር ግን የራሱ ስለሆነ፣ ሰው ለራሱ ሦስተኛ ወገን ሊሆን እንደማይችል ተገለጸልን። እንግዲህ ወንድሜ እንደ ነጂ እንዳይካስ እግረኛ፣ እንደ እግረኛ እንዳይካስ ባለ ሞተር ተደርጎ ተገኘ። አንድን ሰው በአንድ ሰዓት ሁለት አድርጎ፣ ለሁለቱም አለመክፈል ትልቅ ችሎታ ይጠይቃል፤ እጄን በአፌ ጭኜ ከማድነቅ በቀር ምን እላለሁ?

አምስተኛ፣ ስለ ደረጃው። ተጎጂው በአካል ቀርቦ ካልታየ ፋይሉ አይንቀሳቀስም ተብለን ወንድሜ በክራንች አራት ፎቅ ወጣ። ላብ በላብ ሆኖ ሲደርስ፣ ያዩት ባለሙያ ከጠረጴዛቸው ሳይነሡ ተመለከቱትና «አዎ፣ ተጎድቷል» ብለው ጻፉ። በመላው ሕንፃ ወንበር ያመጣለት የበሩ ጥበቃ ብቻ ነው፤ የራሱን ወንበር ተሸክሞ ከምድር ቤት ድረስ ተከትሎን ወጣ። የትኛው ፈረቃ ላይ እንደሚሠራ አልነግርዎትም፤ ከሥራ መደቡ ውጭ በመገኘቱ እንዳይቀጣብኝ እፈራለሁ።

ስድስተኛ፣ ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ጨዋነቴ ትንሽ ቢላላ ይቅር ይበሉኝ።

ሐኪሙ የወንድሜ ጉልበት ሁለት ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልገው ነግረውናል። የመጀመሪያው ተደርጓል፤ ለእርሱ ያው ጭረት ያልነካው ሞተር ተሸጠ። ሁለተኛው በጊዜው ካልተደረገ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ከእንግዲህም አይታጠፍም። ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው ሞተር ላይ አይወጣም። ወንድሜ ደግሞ ከዚህ ሌላ ሥራ አያውቅም፤ ሌላ ሥራ ሲፈልግም አይቼው አላውቅም። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ሐኪሙ ከሰጡን ቀን የቀረው አሥራ ዘጠኝ ብቻ ነው።

ከእናንተ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን የራሴ ነገር ነው። በአደጋ ማስታወቂያው ቅጽ ላይ ወንድሜ በገዛ እጁ የጻፈው «ሞተሩ ጉድጓድ ገብቶ ወደቀብኝ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ያ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ቢደርሳችሁ ኖሮ ዛሬ ጉልበቱ ተጠግኖ ነበር። እኔ ነኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የጻፍሁት አዋቂዋ፣ ይህማ ባዶ ነው ብዬ ከእጁ የነጠቅሁት። «እንደ ወትሮው ጥንቃቄው ከሞተሩ ወርዶ፣ በዝግታ እየገፋ ሳለ» የሚለውን የጨመርሁት እኔ ነኝ። መድን ድርጅት ጠንቃቃ ሰው ይወዳል መስሎኝ! ወንድሜ «እትዬ፣ አሁን ይህ ምን ያደርጋል?» ብሎኝ ነበር፤ ዝም በል አልሁት። እናንተም ቅጹ ላይ ከጻፍሁት ውስጥ ያቺን ሐረግ ለቅማችሁ በእርሷው መለሳችሁልኝ። ሥራዬን ይህን ያህል በጥሞና ያነበበልኝ መሥሪያ ቤት የለም፤ ለዚህም ምስጋና ይገባችኋል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከባልደረቦችዎ አንዱ፣ መቼም ሰው ናቸውና አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ኮሪደር ላይ ጠጋ ብለው ሹክ አሉኝ። «ሌላ ቃል ጽፋችሁ አምጡ፤ ተቀምጦ እየነዳ ነበር በሉ፤ የድሮውን እኔ ከፋይሉ አወጣዋለሁ» አሉኝ። አልዋሽዎትም፣ ያኔውኑ ቤት ሄጄ ጻፍሁት። ባማረ እጅ ጽሑፍ፣ ነጠላ ሰረዝ ሳይጎድለው አዘጋጅቼ ለወንድሜ ብዕር ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝና «እትዬ፣ ያን መንገድ ተቀምጬ ነዳሁት ብዬ ከፈረምሁ ደሙን ናጥሁት ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ናሙና ያምነኛል?» አለኝ። እግሩ ትራስ ላይ ተዘርግቶ፣ ሥራ የሚባል በእጁ ሳይኖር፣ የሚጨነቀው ለሙያው ነው። ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። በእርሱ ኮራሁ፣ በራሴ አፈርሁ። በእናንተ የተሰማኝን በማመልከቻ ቋንቋ መጻፍ ስላልቻልሁ ትቼዋለሁ።

ስለዚህ የምለምነው ብዙ አይደለም። ውሳኔውን ሽራችሁ የሁለተኛውን ቀዶ ጥገና ወጪ ትሸፍኑ ዘንድ አመለክታለሁ። ይህ ከሥልጣንዎ በላይ ከሆነ ግን፣ ድርጅትዎ «ተቀምጬ ነበር» ብሎ ለሚዋሽ የሚከፍል፣ «ወርጄ ነበር» ብሎ እውነቱን ለሚናገር የማይከፍል መሆኑን በማኅተም አረጋግጠው ይስጡኝ። ደንበኞቼ ሲመጡ የትኛውን እንደምጽፍላቸው ከእንግዲህ መሳሳት አልፈልግም።

በየቀኑ አራት ፎቅ ለሚወጡት ጉልበቶችዎ ብርታትን፣ ለፊርማዎ ቀለምን፣ ለሕሊናዎ ደግሞ እስከዛሬ ያልተቋረጠውን ከባድ እንቅልፍ እየተመኘሁ፣ ለእርስዎና በሥርዎ ላሉት ያለኝን፣ በቃል ሊገለጽ የማይገባውን አክብሮት በመግለጽ እሰናበታለሁ።

ውሉን መርጣ ያስፈረመች፣ ቃሉን አሳምራ ያበላሸች፣
የፋይሉ ባለቤት ታላቅ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከሰኞ ጀምሮ የመጻፊያ ጠረጴዛዬን ከዋናው በርዎ ጎን ወዳለው የእግረኛ መንገድ ማዛወሬን ሳበስርዎ ደስ ይለኛል፤ የሚመለከተው ክፍል የሰጠኝ ፈቃድም አለኝ። መድን ሊገባ የሚመጣውን ሰው ሁሉ አስቁሜ ውሉን በነጻ አነብለታለሁ። ከራሴ አንድ ቃል አልጨምርም፤ ለጥቄ የእርስዎን አንድ መስመር ተኩል አነብና ዝም እላለሁ። ትናንት ከአሥራ አንድ ሰዎች ሰባቱ ደረጃውን ሳይረግጡ ተመልሰዋል። ወንድሜም ቤት ብቻውን ከሚውል ብሎ ከጎኔ ይቀመጣል፤ እግሩ ስለማይታጠፍ ወደ በርዎ ተዘርግቶ ይውላል፤ ወደ ሕንፃው የሚገባ ሁሉ እርሱን ዞሮ ማለፍ ግድ ነው። እርስዎም ጠዋት ሲገቡ ቀስ ብለው ይዙሩት። ለአሥራ ዘጠኝ ቀን ይታገሡን፤ ከዚያ ወዲያ ግን ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሲዞሩት መኖርዎ ነው።